የምርምር ዕቅድና የታተመው ውጤት፦ ምን ያህል ይጣጣማሉ?

መግቢያ

አንድ የሕክምና ምርምር ለኅትመት ከመብቃቱ በፊት በብዙ በሮች ያልፋል። የመጀመሪያው በር ፕሮፖዛል ነው። ተመራማሪው በዚህ ሰነድ የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ እንደተነሣ፣ ስንት ሰዎችን እንደሚያጠና፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከታተላቸው፣ የትኛውን ውጤት በዋናነት እንደሚለካና መረጃውን በምን ዓይነት ስሌት እንደሚተነትን ይገልጻል። ገንዘብ ሰጪው ድርጅት በጀት የሚፈቅደው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይሁንታውን የሚሰጠው፣ ሕመምተኛውም ደሙን ለመስጠትና ያልተረጋገጠ መድኃኒት ለመውሰድ ፈቃደኛ የሚሆነው ይህንኑ ዕቅድ መነሻ በማድረግ ነው። ከዓመታት በኋላ በሆስፒታልም ሆነ በጤና ጣቢያ ለሚሠራው ባለሙያ የሚደርሰው ግን የታተመው ጽሑፍ ብቻ ነው። ፕሮፖዛሉ በገንዘብ ሰጪው ወይም በኮሚቴው መዝገብ ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀራል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ለገንዘብ ሰጪው የተገባው ቃልና በመጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ ምን ያህል ይጣጣማሉ? ልዩነት ካለስ ልዩነቱ በሕመምተኛው ላይ ምን ያስከትላል? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። በሕክምና ምርምር የተነገረው ሳይታወቅ ሲጠፋ ጉዳቱ የሚያርፈው በተናጋሪው ላይ ሳይሆን ጽሑፉን አምኖ መድኃኒት በሚያዝዘው ባለሙያና በሚታከመው ሰው ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ በጉዳዩ ላይ የተገኙትን ማስረጃዎች ያቀርባል፤ የጤና ባለሙያውም ሊያደርግ የሚችለውን ያመለክታል። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው የውጤት መለኪያ ለምን አስቀድሞ ይወሰናል?

በአንድ ክሊኒካዊ ሙከራ ውስጥ ብዙ ነገሮች ይለካሉ። የደም ግፊት መድኃኒትን የሚያጠና ተመራማሪ የግፊቱን መጠን፣ የልብ ድካምን፣ የአንጎል ደም መፍሰስን፣ የኩላሊት ሁኔታን፣ ሞትንና የጎንዮሽ ጉዳቶችን በአንድ ጊዜ ሊመዘግብ ይችላል። ከእነዚህ መካከል ለጥናቱ ጥያቄ መልስ ይሰጣል ተብሎ አስቀድሞ የሚመረጠው ዋናው የውጤት መለኪያ ይባላል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር የሚሰላውም በዚሁ መለኪያ መሠረት ነው። የቀሩት ሁለተኛ ደረጃ መለኪያዎች ናቸው።

አስቀድሞ መወሰኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ቀላል ስሌት ያስረዳል። ፈጽሞ ጥቅም የሌለው አንድ መድኃኒት እርስ በርሳቸው በማይገናኙ 20 መለኪያዎች ተፈተነ እንበል። የአንድ መለኪያ ውጤት «ትርጉም ያለው ልዩነት» ለመባል የፒ ዋጋው ከ0.05 በታች እንዲሆን ቢፈለግ፣ ቢያንስ በአንደኛው መለኪያ በአጋጣሚ ብቻ መድኃኒቱ የጠቀመ ወይም የጎዳ መስሎ የመታየት ዕድሉ 64 በመቶ ያህል ነው። ተመራማሪው ውጤቱን ካየ በኋላ የተሳካውን መርጦ «ዋናው መለኪያ ይህ ነበር» ቢል አንባቢው አጋጣሚውን ከእውነተኛው ጥቅም የሚለይበት መንገድ አይኖረውም። ቀስት ወርውሮ ከተሰካበት ቦታ ላይ ዒላማ እንደ መሣል ይሆናል።

ከካናዳ የተገኘ ማስረጃ

ይህ በተግባር ምን ያህል እንደሚከሰት ለማወቅ ሁለቱን ሰነዶች፣ ፕሮፖዛሉንና የታተመውን ጽሑፍ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ያስፈልጋል። ፕሮፖዛሎች ለሕዝብ ክፍት ስላልነበሩ ይህ ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። በ2004 አን ዌን ቻን፣ ዳግላስ አልትማንና ባልደረቦቻቸው በካናዳ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ያወጡት ጥናት ግን በካናዳ መንግሥት ገንዘብ የሚተዳደረው የጤና ምርምር ድርጅት ከ1990 እስከ 1998 ድጋፍ እንዲሰጣቸው ያጸደቃቸውን በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎች ከፕሮቶኮላቸው ጋር ለማነጻጸር ችሏል። በጥናቱ 48 ሙከራዎች፣ ከእነርሱም የወጡ 68 ጽሑፎችና 1,402 የውጤት መለኪያዎች ተመርምረዋል።

የተገኘው ውጤት አሳሳቢ ነበር። ከሙከራዎቹ 40 በመቶ በሚሆኑት በፕሮቶኮሉ የተጻፈውና በኅትመት የወጣው ዋናው የውጤት መለኪያ አንድ ዓይነት አልነበረም። በአንድ ሙከራ ውስጥ የሕክምናውን ጥቅም ከሚለኩት ውጤቶች መካከል በሚዲያን 31 በመቶው፣ ጉዳትን ከሚለኩት ደግሞ 59 በመቶው የተሟላ ሪፖርት አልቀረበባቸውም። «ያልተሟላ» የተባለው ሪፖርት ሌላ ተመራማሪ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲያጠቃልል ሊጠቀምበት የማይችለው ነው። አንዳንዱ ቁጥሩ ጎድሎታል፤ አንዳንዱ «ልዩነት አልታየም» በሚል አንድ ሐረግ ታልፏል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አልተጠቀሰም። በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው ልዩነት ያሳዩ የጥቅም መለኪያዎች ልዩነት ካላሳዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመጀመሪያዎቹ በተሟላ ሁኔታ የመታተም ዕድላቸው በኦድስ ሬሾ ሲለካ 2.7 እጥፍ ነበር። በአጭሩ፣ የተሳካው በሙሉ ይነገራል፤ ያልተሳካው በአጭሩ ይታለፋል ወይም ይቀራል።

የዚህ ጥናት ልዩ ትምህርት ሙከራዎቹ በመንግሥት ገንዘብ የተካሄዱ መሆናቸው ነው። የመረጃ መድበስበስ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከመድኃኒት አምራቾች የንግድ ጥቅም ጋር ነው። የካናዳው ጥናት እንዳሳየው ግን የትርፍ ዓላማ በሌለበትም ዕቅድና ኅትመት ይለያያሉ። መጽሔቶች ልዩነት ያሳየውን ውጤት ይመርጣሉ የሚለው እምነት፣ የገጽ ውስንነት፣ የአካዳሚክ ዕድገት ፍላጎት፣ አንዳንዴም ተራ ቸልተኝነት ለዚህ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።

በዚያው ዓመት ቻንና ሌሎች ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ተመሳሳይ ጥናት አውጥተዋል። ምንጫቸው በ1994 እና በ1995 በዴንማርክ የኮፐንሐገንና የፍሬድሪክስበርግ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ያጸደቋቸው ፕሮቶኮሎች ነበሩ። ከ102 ሙከራዎች መካከል 62 በመቶ በሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዋና የውጤት መለኪያ ተለውጧል፣ አዲስ ተጨምሯል ወይም ተትቷል። ተመራማሪዎቹ ሳይዘግቡት የቀሩት ውጤት እንዳለ በመጠይቅ ሲጠየቁ፣ መልስ ከሰጡት 86 በመቶው የለም ብለዋል፤ ፕሮቶኮላቸው ግን ተቃራኒውን ያሳይ ነበር።

በሁለቱም ጥናቶች ይበልጥ የተጓደለው ስለ ጉዳት የሚሰጠው መረጃ መሆኑ የጤና ባለሙያውን በተለይ ሊያሳስበው ይገባል። መድኃኒት ከማዘዝ በፊት ጥቅምና ጉዳት ይመዘናሉ። ከሚዛኑ አንዱ ወገን በከፊል ባዶ ሆኖ ከቀረበ ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ መድኃኒቱ ያጋድላል።

የክትትል ጊዜው ሲያጥር፦ የሴሌኮክሲብ ምሳሌ

ከዕቅድ የሚለወጠው መለኪያው ብቻ አይደለም። በመስከረም 2000 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣውና «ክላስ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ጥናት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በመድኃኒት አምራች ድርጅት ገንዘብ የተካሄደው ይህ ጥናት ሴሌኮክሲብ የተባለውን የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ በየጤና ተቋሙ ከሚታወቁት ከኢቡፕሮፌንና ከዳይክሎፌናክ ጋር አነጻጽሯል። ወደ 8,000 የሚጠጉ ሕመምተኞች ተሳትፈዋል። ጽሑፉ የስድስት ወር ውጤት አቅርቦ፣ ምልክት ያሳዩ የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስሎች ከነውስብስባቸው ተደምረው ሲታዩ በአዲሱ መድኃኒት ያነሱ እንደሆኑ ገለጸ።

ፕሮቶኮሉ ያቀደው ክትትል ግን ከዚህ የረዘመ ነበር፤ ከዳይክሎፌናክ ጋር ለሚደረገው ንጽጽር እስከ 12 ወር፣ ከኢቡፕሮፌን ጋር ለሚደረገው እስከ 15 ወር። ጽሑፉ ሲወጣም የረዘመው ክትትል መረጃ ተሰብስቦ ነበር። በየካቲት 2001 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ኮሚቴ ሙሉውን መረጃ ሲመለከት፣ በከባድ የቁስል ውስብስቦች ረገድ በሴሌኮክሲብና በሌሎቹ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። አጥኚዎቹ በኋላ በሰጡት መልስ፣ ከስድስት ወር በኋላ ብዙ ተሳታፊዎች መድኃኒቱን ስላቋረጡ የኋለኛው መረጃ ሊያሳስት ይችላል ብለዋል። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ክርክር ነው፤ ነገር ግን መቅረብ የነበረበት በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ፣ ከሙሉው መረጃ ጋር ነበር። አንባቢው ክርክሩን መዝኖ ለመፍረድ መጀመሪያ የዕቅዱን መለወጥ ማወቅ ነበረበት።

ለውጥ ሁሉ ጥፋት አይደለም

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፕሮፖዛል ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚጻፍ እንደመሆኑ መጠን የሚመጣውን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም። የታሰበው የተሳታፊ ቁጥር ላይገኝ ይችላል፤ አዲስ የምርመራ ዘዴ ሊመጣ ይችላል፤ ሌላ ጥናት ጥያቄውን ቀድሞ ሊመልሰው ይችላል። በላቦራቶሪ ምርምርና መላ ምት በሚፈልጉ ጥናቶች ደግሞ ያልታሰበውን ግኝት መከተል የሥራው ባሕርይ ነው። ያለበቂ ምክንያት ዕቅድን አጥብቆ መያዝ አንዳንዴ ተሳታፊዎችን ይጎዳል።

ለዚህ ከጎረቤት አገር ኬንያ የተገኘ ምሳሌ አለ። በኪሱሙ ከተማ የተካሄደው ሙከራ የወንዶች ግርዛት በኤች አይ ቪ የመያዝን አደጋ ይቀንስ እንደሆነ ለማወቅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 የሆነ 2,784 ወንዶችን አሳትፏል። ገንዘቡን የሰጡት የአሜሪካ ብሔራዊ የአለርጂና የተላላፊ በሽታዎች ተቋምና ከላይ የተጠቀሰው የካናዳ የጤና ምርምር ድርጅት ነበሩ። እያንዳንዱን ተሳታፊ ለ24 ወራት ለመከታተል ታቅዶ ነበር። በታኅሣሥ 2006 ግን ገለልተኛው የመረጃና የደኅንነት ተቆጣጣሪ ቦርድ ጊዜያዊውን ትንተና ተመልክቶ ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ሙከራው እንዲቆም፣ ላልተገረዙትም ግርዛት እንዲቀርብላቸው መከረ። ውጤቱ በ2007 በላንሴት መጽሔት ሲወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ በኤች አይ ቪ የተያዙት ከተገረዙት 2.1 በመቶ፣ ካልተገረዙት 4.2 በመቶ መሆናቸው ተገልጿል።

ይህም ጥናት እንደታቀደው አልተጠናቀቀም። ነገር ግን ማን እንዳስቆመው፣ መቼና ለምን እንደቆመ በጽሑፉ ተነግሯል፤ ዋናው መለኪያም በፕሮቶኮሉ የተጻፈው ሆኖ ቀጥሏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ያወጣው ምክር በዚህና በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረጉት ሁለት ሙከራዎች ላይ የተመሠረተ ነው። በኢትዮጵያም በጋምቤላ ክልል የተካሄደው የግርዛት አገልግሎት ከዚሁ ማስረጃ የመነጨ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በመለወጥና ባለመለወጥ መካከል ሳይሆን፣ ለውጡን ከነምክንያቱ በመግለጽና በመደበቅ መካከል ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ለችግሩ የተገኘው ዋና መፍትሔ ሙከራዎችን ከመጀመራቸው በፊት በይፋ መመዝገብ ነው። በ2000 በአሜሪካ ክሊኒካልትራያልስ ዶት ገቭ የተባለው መዝገብ ለሕዝብ ተከፈተ። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ በመስከረም 2004 ባወጣው መግለጫ ከሐምሌ 2005 ጀምሮ ተሳታፊ መቀበል የሚጀምር ሙከራ አስቀድሞ ካልተመዘገበ በአባል መጽሔቶቹ እንደማይታተም አሳወቀ። የዓለም ሕክምና ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫም በ2008 በተሻሻለበት ጊዜ የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት መመዝገብን ግዴታ አደረገ። ለአፍሪካ ተመራማሪዎች ደግሞ መቀመጫው በኬፕታውን የሆነው የመላ አፍሪካ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ በ2009 ከዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና አግኝቷል። በ2013 ፕሮቶኮል ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝረው «ስፒሪት» የተሰኘው መመሪያ ወጥቷል።

እርምጃው ያመጣውን ለውጥ የሚጠቁም አንድ ጥናት በ2015 በፕሎስ ዋን መጽሔት ወጥቷል። ካፕላንና ኢርቪን በአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም ድጋፍ የተካሄዱ 55 ትላልቅ ሙከራዎችን መረመሩ። ከ2000 በፊት ከወጡት 30 ሙከራዎች 17ቱ በዋናው መለኪያቸው ትርጉም ያለው ጥቅም አሳይተዋል። ከ2000 በኋላ ከወጡት 25 ግን ጥቅም ያሳዩት 2 ብቻ ናቸው። የሁለቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ መከሰት ብቻውን ምክንያቱ ምዝገባው ነው ብሎ ለመደምደም አያበቃም፤ ከነባሩ ሕክምና የሚሻል ነገር ማግኘት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ መሄዱም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም ዋናው መለኪያ በይፋ ከተጻፈ በኋላ የ«ተሳካ» ጥናት ቁጥር በዚህ መጠን መቀነሱ ችላ የሚባል አይደለም።

ምዝገባ ብቻውን ግን በቂ አልሆነም። ቤን ጎልድኤከርና ባልደረቦቹ ከጥቅምት 2015 ጀምሮ በአምስት ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች የወጡ 67 ሙከራዎችን ከፕሮቶኮላቸው ወይም ከምዝገባቸው ጋር ሲያመሳክሩ በ58ቱ ላይ ሊታረም የሚገባው ልዩነት አገኙ። ለ58ቱም የእርማት ደብዳቤ ለመጽሔቶቹ ላኩ፤ የታተሙት 23 ብቻ ናቸው። ዕቅዱ በይፋ ቢቀመጥም የሚያመሳክር አንባቢ ከሌለ ጥቅሙ ውስን መሆኑን ይህ ያሳያል።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

አንድ የታተመ ጥናት በግምገማ ጽሑፎች ይጠቃለላል፤ ከዚያም ወደ ሕክምና መመሪያ ይገባል፤ በመጨረሻም በሩቅ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ባለሙያ ወደሚጽፈው ማዘዣ ይደርሳል። በመጀመሪያው ጽሑፍ የተጓደለው መረጃ በሰንሰለቱ ሁሉ ላይ ተጓድሎ ይቀጥላል። ስለዚህ ለሥራው የሚጠቅመውን ጥናት የሚያነብ ባለሙያ የሚከተሉትን ቢያመሳክር ይመከራል።

አንደኛ፣ የምዝገባ ቁጥሩን መፈለግ ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በአጠቃሎው መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ መዝገቡንም ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ሰው ያለክፍያ ሊያየው ይችላል። ሁለተኛ፣ ምዝገባው የተካሄደበት ቀን የመጀመሪያው ተሳታፊ ከገባበት ቀን መቅደሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የተመዘገበ ጥናት የዕቅድን ጥቅም አጥቷል። ሦስተኛ፣ በመዝገቡ የሰፈረው ዋና መለኪያ በጽሑፉ ውስጥ በዋናነት ከቀረበው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ይገባል። አራተኛ፣ የተሳታፊዎቹ ቁጥርና የክትትሉ ጊዜ ከታቀደው ካነሰ ምክንያቱ መገለጹን ማጣራት ያሻል። አምስተኛ፣ ስለ ጉዳት የቀረበው መረጃ በቁጥር የተደገፈ መሆኑን ማየት ነው። «መድኃኒቱ በመልካም ሁኔታ ተወስዷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ይህ ጉዳይ የሌሎች አገሮች ተመራማሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአገራችንም የስፔሻሊቲና የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሩት ጥናት በፕሮፖዛል ይጀምራል። መረጃ መሰብሰቡ ሲያስቸግር ዓላማው ወይም መለኪያው የሚለወጥበት አጋጣሚ የታወቀ ነው። ለውጡን ከነምክንያቱ በአሠራር ክፍሉ ውስጥ በሁለትና በሦስት መስመር መጻፍ የጥናቱን ዋጋ አይቀንስም፤ እንዲያውም የሚያነበውን ሰው እምነት ይጨምራል። አማካሪዎችና ፈታኞችም የመጨረሻውን ጽሑፍ ከጸደቀው ፕሮፖዛል ጋር አስተያይተው ቢያነቡ ልማዱ ከመጀመሪያው ይቀረጻል። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም እንዲሁ የታተመውን ጽሑፍ ተቀብለው ካጸደቁት ፕሮቶኮል ጋር ቢያመሳክሩ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የዴንማርኩ ጥናት የተሠራው በኮሚቴዎች መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጠው በነበሩ ወረቀቶች መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

ማጠቃለያ

በካናዳ፣ በዴንማርክና በኋላም በታላላቅ መጽሔቶች ላይ የተደረጉት ምርመራዎች ገንዘብ የተሰጠበት ዕቅድና የታተመው ውጤት በብዙ ጥናቶች እንደሚለያዩ፣ ልዩነቱም ብዙ ጊዜ ለአንባቢው እንደማይገለጽ አረጋግጠዋል። የሚጓደለውም ባብዛኛው ያልተሳካው ውጤትና የደረሰው ጉዳት ነው። ዕቅድ በበቂ ምክንያት ሊለወጥ ይችላል፤ ለውጡ ግን መነገር አለበት። በጥናት የሚሳተፍ ሕመምተኛ ራሱን የሚሰጠው በፕሮፖዛሉ ለተጻፈው ጥያቄ መልስ እንዲገኝ ነው። መልሱ ደስ የሚያሰኝም ይሁን የማያስደስት ሙሉ ሆኖ ሊነገር ይገባዋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚታከሙት ሕሙማን የሚጠቀሙትም ይህ ሲሆን ብቻ ነው።